የጓያ እንፋሎት

ሰኔ 12፣ ቅ. ሚካኤል። ረፋድ።

ዛሬም ጓያ። ለቀምሁ፣ አጠብሁ፣ ጣድሁ። እማሆይ እጄን ገፋ አድርገው ክዳኑን ዙሪያውን በጭቃ መረጉት። እንፋሎቱ እንዳይወጣ! በእኛ አገር ጓያ ሰው የሚሰብረው በእንፋሎቱ ነው ይባላል፤ ሲፈላ ያገኘው ጎረምሳ እግሩ ይያዛል። ስለዚህ ድስት ከተጣደ እማሆይ ጎረምሶቹን ከታሰርንበት በረት ያስወጧቸዋል። ዝናብ ይሁን በረዶ፣ ውጡ ነው።

ከሁሉ የሚርቀው ይርጋ ነው፣ የባሌ ታናሽ ወንድም። ከሽቦው ጥግ ካለች ድንጋይ ላይ ገሳውን ደርቦ ኩርምት ይላል። ዘበኞቹ ባንዳዎች ይስቁበታል፤ ጥይት የማይፈራ ጎረምሳ ድስት ፈራ ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ንፍሮው በረድ ሲል ገብቶ ይበላል፤ መረቁንም ጭልጥ። ዕለት ዕለት ለምሽጉ ድንጋይ ስለሚሸከም ማንም በቃህ አይለውም።

አንቺ ወረቀት፣ ያመጣሁሽ ጀርባሽ ንጹሕ ስለሆነ ነው። ፊትሽ የሕሙማን ሙቀት መመዝገቢያ ነው። ሰረቅሁሽ ልበል? ይሁን፣ ሰረቅሁሽ። በዚህ በቡሬው የጣሊያን ምሽግ ውስጥ የልቤን የማጫውተው ሰው የለኝም። ባሌ ጫካ ገባ ተብሎ እኔና ይርጋ መያዣ ሆነን መጣን። እንደኛው የተያዙ ብዙ ናቸው፤ የምናድረው የከብት በረት በነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው። እማሆይን ያመጧቸው የልጅ ልጃቸው ስለሸፈተ ነው። በዚህ እድሜያቸው! መጀመሪያ ዘመድ ከጂጋም ከወጀትም ስንቅ ያመጣልን ነበር። በእንጀራ ውስጥ መልእክት ይገባል ብሎ አዛዡ ከለከለ። አሁን ከገበሬ ጎተራ የተዘረፈ ጓያ በጆንያ ይወረወርልናል፤ ሌላ የለም።

ሰኔ 15። ከምሳ በኋላ።

ቀን ቀን የጣሊያኑ ሐኪም የዶቶሬው ረዳት ነኝ። (ከዛሬ ጀምሮ ዶ. ነው፤ ወረቀት አይባክንም።) ነቀምት ሚስዮን ሆስፒታል ቁስል ማሰር መማሬን ስለሰማ ከበረቱ ያስወጣኛል፤ ሲመሽ ዘበኛ ይመልሰኛል። መንገዱን ግማሹን ዝናብ፣ ግማሹን አርበኛ ቆርጦታል። ካሚዮን የለም፣ መድኃኒት የለም። ዶ. ሥራ ሲፈታ ያስተምረኛል፤ በእሱ የተሰባበረ አማርኛና በእኔ የተሰባበረ ፈረንሳይኛ።

ዛሬ በረት ውስጥ ምን እንደምንበላ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ሲጋራውን አጠፋ። በእነሱም አገር የዚህ የጓያ ዘመድ አለ፤ ክፉ ዘመን ሲመጣ ድሃው እሱን ብቻ እየበላ ሽባ ይሆናል አለኝ። ከእንፋሎቱ ነዋ? አልሁት። ሊስቅ ብሎ ተወው። ከመብላቱ ነው አለ። ምኑ እንደሚሰብር ግን ገና ያወቀ የለም አለ።

ከዚያ የነቀምቷ ሲስተር ያስተማረችኝን ትምህርት ቀሰቀሰብኝ፦ አሚኖ አሲድ። በሥጋ፣ በወተት፣ በእህል፣ በጥራጥሬ ያለው ገንቢ ነገር ፕሮቲን ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲፈታ አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሃያ ያህል ዓይነት አለው። ሲስተር በፊደል ነበር የምታስረዳን። ቃሉ በሆድ ይፈርሳል፣ ፊደሉ በደም ይዞራል፣ ሰውነትም መልሶ የራሱን ቃል ይጽፍበታል፤ ጡንቻ፣ ደም፣ ጠጉር፣ የእናት ወተት። ገሚሱን ፊደል ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። ገሚሱን ግን ቢሞት አይሠራውም፤ ከገበታ ካልመጣ የለም። አንዱ ከጎደለ ጽሕፈቱ ይቆማል።

ከማይሠራቸው አንዱ ድኝ ያለበት ነው። ጠጉር ሲቃጠል አፍንጫ የሚመታው ያ ድኝ ነው። ጥራጥሬ በዚህኛው ድሃ ነው፣ ጓያማ የባሰ ድሃ። ጤፍና ገብስ ይሻላሉ። እነሱ ደግሞ ላይሲን በሚባለው ድሃ ናቸው፤ ያንን ጥራጥሬ ይሞላላቸዋል። ለካ እንጀራና ሽሮ የተጋቡት በከንቱ አይደለም! እኛ ግን ጓያ በጓያ ነን፤ ሚስቱ የሞተችበት ቤት።

የዶ. ምክር፦ አሳድረሽ ዘፍዝፊ፣ ውሃውን ድፊ። ቀቅይ፣ ያንንም ውሃ ድፊ። ገብስ ደባልቂበት። ማለት ቀላል ነው።

ሰኔ 16፣ ኪዳነ ምሕረት። ማታ።

የዶ.ን ምክር በረት ውስጥ ነገርኋቸው። ጉድ ፈላ! መረቅ መድፋት ጡር ነው አሉ እማሆይ፣ በረሃብ ዘመን። ውሃውስ? ከምንጭ በዘበኛ የሚመጣው ለጉሮሮም አይበቃ። ደግሞስ፣ "ፈረንጅ ኸመቼ ወዲህ ነው ጓያ ያወቀ?" ሰዉ ሳቀ። እኔ ቱግ አልሁ። በአንቱታ ጀምሬ በጩኸት ጨረስሁት፤ አፈር ልብላ፣ እናቴ ብትሰማ ታፍርብኝ ነበር። ይርጋ መሐል ገብቶ እትዬ የድስቱን ነገር ለድስቱ ተይለት ብሎ አሳቀኝ። አኩርፌ ተኛሁ።

ሰኔ 21፣ ማርያም።

እሰይ! ገብስ!

ለካ በቅሎዎቹ ገብስ ይበላሉ። ሰው ጓያ፣ በቅሎ ገብስ። ዶ. የታመመች በቅሎ እንዳለች አስመስሎ ድርሻዋን ወደ ሕክምናው ክፍል አስመጣልኝ። ፈጨሁ፣ ከጓያው ዱቄት ጋር ደባልቄ ቂጣ ጋገርሁ። እማሆይ ቀምሰው ደግመው ቆረሱ፤ ለእሳቸው ይህ ምስጋና ነው። ይርጋ በቅሎዋ እንዳትድን ስእለት ልሳል አለ። ከታሰርን ጀምሮ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ዶ.ን ዛሬ ወደድሁት። እጽፈዋለሁ፣ ማንም አያነብብኝ።

ሐምሌ 2። ጠዋት።

በቅሎዋ "ዳነች"። አዛዡ ነቃ። ዶ.ን በእኛ ፊት እንደ ውሻ ጮኸበት፤ ገብሱ ከዛሬ ጀምሮ ለነጮቹ ዳቦ ነው። ዶ. ቆብ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እሺ ብቻ። ሲወጣ ዓይኔን አላየም። ወታደር ነኝ አለኝ በኋላ። ወታደርነትህ ገደል ይግባ አልሁ፣ በሆዴ።

በማካካሻ አንድ ቆርቆሮ ሥጋ ሸጎጠልኝ። ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ እዚያ ሞልቷል፤ ለዚያ ድንጋይ ተሸካሚ ስጪው አለ። ይርጋ ቆርቆሮውን አገላብጦ አይቶ መለሰልኝ። የሐዋርያት ጾም ነው። ጾሙ እስኪፈታ ይቆይልህ አልሁት። ቢፈታስ? ጣሊያን ያረደውን ሥጋ መብላት ሃይማኖት መለወጥ ነው። ለመንሁት። ተቆጣሁት። እማሆይ ከጥግ ሆነው ልጁን አታሳስቺው አሉኝ። ከንፍሮው ጋር ደቁሼ ሳያውቅ ላበላው አሰብሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ቆርቆሮውን መለስሁ።

ሐምሌ 5። ሌሊት።

ጾም ተፈታ። በምን እንፍታው? በጓያ።

ዝናብ። ዶ. ዛሬ ወሬ አማረው። ሰውነት ስብን ያከማቻል አለ፣ ስኳርንም ጥቂት። ትርፍ አሚኖ አሲድ ግን ጎተራ የለውም። ጉበት ያፈርሰዋል፤ ገሚሱ ይነዳል፣ ገሚሱ ስኳር ይሆናል፣ ዝቃጩ በሽንት ይወጣል። በየቀኑ መምጣት አለበት። ካልመጣ ሰውነት ወደ ራሱ ይዞራል፤ የጭኑን ጡንቻ እየናደ ለልብና ለጉበት ያበላል። ይህን እየነገረኝ የገዛ ቀበቶውን አጠበቀ። እሱም እዚህ ታስሯል እኮ። አላዘንሁለትም። ትንሽ አዘንሁ።

ከቁስል ማጠቢያ የተረፈ ውሃ በባልዲ ይዤ ገባሁ። ማታ ጭቃውን ልጬ ክዳኑን አነሣሁ፤ መረቁን ደፍቼ በዚያ ውሃ እንደገና ቀቀልሁት። እማሆይ አላዩም። ሌሎቹ ግን አይተዋል።

ሐምሌ 9። ጠዋት።

ይርጋ ሊነሣ ብሎ ወደቀ።

እንቅልፍ ነው ብሎ ሳቀ። ደግሞ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ተረከዙ መሬት እምቢ አለው። በጣቶቹ ቆመ። እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ለማሸት ሞከርሁ፤ የደረቀ ጠፍር ነው።

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ክዳኑን የከፈተች እሷ ናት! እንፋሎቱን የለቀቀችበት እሷ ናት! ወይኔ! ምን ብዬ ላስረዳ? በእነሱ ሕግ ወንጀሉም ምስክሩም ሞልቷል። ባሌ ቢሰማ ምን ይለኛል?

እማሆይ ግን አልጮሁብኝም። ራሱን በጭናቸው አስደግፈው አለቀሱ። ምን አጎደልሁበት አሉ፣ ድንጋይ ሲሸከም አላስችል ብሎኝ የኔን ድርሻ ለሱ ስሰጥ ከርሜ። እኔ ጥሬውን ቆርጥሜ አድር ነበር፣ የበሰለውን ለሱ። ነደደኝም፣ አዘንሁም። የሁለት ሰው ጓያ። በፍቅር። ለእሳቸው ይህን የምነግርበት አፍ የለኝም።

ሐምሌ 12፣ ሚካኤል።

ዶ. መርምሮት መጣ። ትኩሳት ነው ብሎ ጽፎ ከድንጋይ ሸክም አስፈታው። ያን ያህል አደረገ። ውጭ ስንወጣ ጠየቅሁት። አይመለስም አለ። ጓያውን ቢያቆም እንኳ የሞተው ነርቭ አይነሣም፤ የበለጠ እንዳይብስ ነው እንጂ። ሌሎቹም ይከተላሉ አለ፣ ጎረምሶቹ አስቀድመው። ለምን እነሱ? አያውቅም። ይህን የሚያህል ሊቅ፣ አያውቅም!

ይርጋ ሲጠይቀኝ ለመስቀል ትድናለህ አልሁት። አፌ ራሱ ነው ያለው።

አመነኝ። ዘበኞቹ እንዳያዩት ብሎ ሳይነጋ በእጁ እየተሳበ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ ሲመሽ ይገባል። እነሱም እንደ ወትሮው ድስት የፈራ መስሏቸው ይቀልዱበታል። ይመልስላቸዋል፣ ተቀምጦ። ካጠገቡ ሽቦ፣ ከሽቦው ማዶ ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ወንድሙ ያለበት ጫካ። ያያል። ቀኑን ሙሉ ያያል።

ሐምሌ 24። ምሳ ሰዓት።

የባንዳዎቹ ዱቄት አለቀ። አዛዡ ከዛሬ ጀምሮ ለእነሱም ከዚያው ጆንያ ቀቅይ አለኝ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ጮቤ ረገጥሁ። ይብሉ! ቤት ያቃጠሉ እግሮች ይያዙ! ትልቁን ድስት ሞላሁላቸው። አለቃቸው ሹምባሹ መጥቶ በደንብ መርጊው፣ እንፋሎት እንዳይወጣ ብሎ አዘዘኝ። እሺ ጌታዬ። ጭቃውን አሳምሬ መረግሁት። እነሱም እንደኛዎቹ ጎረምሶች ርቀው ዝናብ ላይ ቆሙ፣ በረድ ሲል ግር ብለው በሉ። መረቁን ተሻሙበት።

ሁለት ተጨማሪ ጎረምሶች በረት ውስጥ እግራችን ከበደን ብለዋል። አንዱ የሙሽራ እድሜ ነው።

ሐምሌ 28።

እንቅልፍ አጣሁ። እነዚህ እስኪሰበሩ ወር ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያ የኛዎቹ ሁሉ አልቀዋል። ደግሞ ዛሬ አንዱ ባንዳ፣ ጢም ያላወጣ፣ ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ሲልስ አየሁት። ክፉ ነው፤ ግን እግር አለው። እናት አለችው።

ሹምባሹን ለብቻው አግኝቼ ነገርሁት። የሚሰብረው መብላቱ ነው፣ እንፋሎቱ አይደለም፤ ወደየአገራችሁ ብትበተኑ ይሻላችኋል አልሁት። ሳቀብኝ። እኛ እንፋሎቱን አልነካነው፣ አንቺ ግን አርበኛ ባልሽ እንዲገባ በሩን ልታስከፍቺን ነው አለ። ለአዛዡ እንዳልነግርብሽ አፍሽን ያዢ ብሎ ሄደ።

በቃል አያምኑም። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አላምንም።

ሐምሌ 29፣ ባለ ወልድ። ከሰዓት።

ዛሬ ከሕክምናው ክፍል መስኮት ይርጋን ሳየው ሐሳብ መጣልኝ። ዘበኞቹ ሁሉ ለወራት አይተውታል። ከድስቱ ከማንም በላይ የራቀው እሱ ነው፤ እነሱው ሲስቁበት ከርመዋል። እንፋሎት በአጠገቡ አላለፈም። እሱ በፊታቸው ተነሥቶ ቢሄድ፣ ያን አካሄድ ቢያዩት፣ ከእኔ ስብከት ይልቅ እግሩ ይነግራቸዋል። እግራቸውን የወደደ ሁሉ በዚያው ቀን ይጠፋል። ዘበኛ ከሌለ በረቱን የሚዘጋ የለም።

ግን እሱ ለመስቀል እድናለሁ ብሎ ተደብቆ እየጠበቀ ነው። እንዲታይ የምለምነው ሰው እውነቱን ማወቅ አለበት። እማሆይስ? ከእንፋሎቱ ካልሆነ ከምን እንደሆነ ይገባቸዋል። የሰጡት ድርሻ ምን እንዳደረገው ያውቁታል።

አልችልም። ነገ። ነገ አልችልም።

ነሐሴ 1። ፍልሰታ ገባች። ማለዳ።

ነገርሁት።

ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ዓይን ዓይኑን ሳላይ። ውሸቴን ነበር አልሁት፣ አይድንም። ጓያው ነው፣ መብላቱ። አካልህ የሚፈልገው አሚኖ አሲድ ሳይመጣለት መርዙ ብቻ መጣበት። ይህን ሁሉ ዘባረቅሁ፤ ድኙን፣ ጉበቱን፣ ነርቩን። ሰው ሲጨንቀው ያወቀውን ሁሉ ይቀባጥራል።

ወደ ጫካው ዞረ። ከዚያ ወንድሜ ይህን ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አያውቅም። ማረስስ? አለ። ጭኑን በቡጢ መታው፣ አንዴ፣ እንደ ሌላ ሰው ጭን። አለቀስሁ። እሱ አላለቀሰም።

ያሰብሁትን ነገርሁት። በሩ ቢከፈት ሌላው ይሮጣል፣ አንተ መሮጥ አትችልም፤ እኔ ትቼህ አልሄድም አልሁ። እኔማ በር ጠባቂ እሆናለሁ አለኝ። ቀልድ መሆኑ ነው። እንድቆጣው ብሎ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። ከዚያ "እንግዲያ ይዩት" አለ።

እማሆይ ከኋላችን ነበሩ። ምን ያህል እንደሰሙ አላውቅም። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው ገቡ።

በዚያው ቀን። ምሳ ሊደርስ።

ደጅ የተጣደው የዘበኞቹ ድስት ዛሬ አልተመረገም። እማሆይ ጭቃውን አላመጡም። ክዳኑን አንሥተው እንፋሎቱ ውስጥ ቆመዋል፣ ዘበኞቹ እያዩአቸው፣ ፊታቸው ላብ በላብ። አንዱ እማሆይ ኧረ ይራቁ ብሎ ጮኸ። አልራቁም። ይርጋን አላዩትም፣ እኔንም አላዩኝም፤ ድስቱን ብቻ ያያሉ። እጃቸውን ልይዝ ብሄድ ገፉኝ። መልሼ ያዝሁት፣ ተዉልኝ።

ሹምባሹ ከነሰዎቹ ሳህን ይዞ መጥቷል። ራቅ ብለው ቆመዋል፣ እንደ ልማዳቸው።

ይርጋ ከድንጋዩ ወርዶ፣ ሳያዩት ተስቦ፣ የበረቱን ግድግዳ ይዞ ቆሟል። ማንም እንዳይደግፈው አደራ ብሎኛል፤ ዱላም አልፈልግም፣ ዱላ ካዩ ወድቆ የተጎዳ ሰው ነው ይሉኛል ብሏል። ከግድግዳው እስከ ድስቱ ባዶ ሜዳ ነው፣ ጭቃ። ሊወድቅ ይችላል። ቢወድቅም ይነሣና ይሂድ፤ ተስማምተናል። አልጮኽም። እኔ እዚህ ጭልፋ ይዤ እቆማለሁ፣ ማናቸውም ቢጠይቁኝ በጓያ ነው እላለሁ፣ ሌላ ቃል አልጨምርም።

ጠሩኝ። መጣሁ አልሁ።

ይርጋ ግድግዳውን ለቀቀ